አዲሶቹ የጋዝ መኪኖች ለማን እንደተሰጡ

በልጄ ላይ የተሠራው ግፍ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሲያትል ወደብ ኮንቴይነር ሲያመላልስ የኖረውን ሰው በአሮጌው የናፍጣ መኪና ላይ ትተው፣ አዲሶቹን የጋዝ መኪኖች ትናንት ለገቡ ሹፌሮች ሰጡ።

የጭነት ድርጅቱ ባለቤት የአገራችን ሰው ነው። የናፍጣ መኪኖቹን እየሸጠ በጋዝ መተካት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጋዙ ከመሬት በታች ድንጋይ እየተሰነጠቀ የሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ እንደ ናፍጣ አያጨስም አሉ። ድንጋዩ በሚሰነጠቅበት አካባቢ የሚኖሩትም የራሳቸው አቤቱታ አይጠፋቸውም፤ እሱን እነሱ ይጻፉት። እኔ የማውቀው የልጄን ደረት ነው። ሹፌሮቹ ወደቡ በር ላይ ሞተር ሳያጠፉ ለሰዓታት ይሰለፋሉ፤ የዚያ አሮጌ መኪና ጭስ ደግሞ ጋቢናው ውስጥ ይገባል። ማታ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ሊንውድ ከተማ ቤታችን ሲደርስ ከቁልፉ ድምፅ በፊት የምሰማው ሳሉን ነው። ሐኪሙ ከጭስ ራቅ ብሎታል።

ሄደህ ተናገር ስለው፣ «ተዪው እማዬ፣ ተራዬ ይደርሳል» ይለኛል። ተራ ቢኖርማ እኔስ ምን አስጨነቀኝ።

ስለዚህ እንደ ደንባችን ሽማግሌ ላክሁ፤ ከመስጊዳችን ሁለት አባቶች። ባለቤቱ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ ሻይ አቀረበ፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸውና እሺ አለ። እነሱም ነገሩ አለቀ ብለው መርቀውት ተመለሱ። ስሕተቱ የኔ ነው። የባልና ሚስት ጠብ ይመስል ሽማግሌ መላክ ምን ይሉታል? ፊት ለፊታቸው እምቢ የሚል ማን አለ? እሺታው ለሽበታቸው እንጂ ለልጄ አልነበረም። በሳምንቱ ሌላ የጋዝ መኪና ገባ፤ ከተቀጠረ አራት ወር ያልሞላው ሹፌር ወሰደው።

በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ ራሴ ሄድኩ። ሻይ ሊያዝልኝ ሲል አልጠጣም አልኩት።

«እሺ እንዳትለኝ። ለምን እንደሆነ ንገረኝ።»

ልጄ ስለሚነዳበት መስመር አወራኝ፤ ጋዝ መቅጃው ከዚያ ሩቅ ነው አለኝ። ያ አዲሱ ሹፌርም በዚያው መስመር ነው የሚሄደው አልኩት። አሮጌውን መኪና ከልጅዎ በቀር የሚችልበት የለም፣ ሌላ ሰው ቢይዘው በሳምንቱ ይቆማል አለኝ።

«እንግዲያው ዕቃ አክብሮ የያዘ ሰው ጭስ ይጠጣ ነው የምትለው?»

ስልኩ ጠራ፤ አላነሳውም። እኔም አልተነሳሁም።

«እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ በመጨረሻ። «ሌሎቹ መኪና ካልቀየርክልን ጥለን እንሄዳለን እያሉ በየቀኑ ይነዘንዙኛል። የርስዎ ልጅ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አልጠየቀኝም። ስለማይጠይቅ ነው የተውኩት።»