ሁለት እስረኞች የገፏት መኪና

ሰው ሲታሰር ተገፍቶ መኪና ላይ ይጫናል። እኔና ሐጂ ግን መኪናዋን ገፍተን ነው የታሰርነው። ሊይዙን የመጡት ፖሊሶች ሞተሯን ለማስነሳት ቢሞክሩ ቢሞክሩ አሻፈረኝ አለቻቸው። ስለዚህ ከሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ እስከ ጣቢያቸው ድረስ፣ በዚያ በሚያነድ ፀሐይ፣ አንደኛው ፖሊስ መሪ ይዞ ሌሎቹ መሣሪያ አንግተው ከኋላችን እየተከተሉ፣ እኛ ገፋን። የሚያውቁን ነጋዴዎች ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ያዩናል። አንዱማ ነገሩ ስላልገባው ሊያግዘን ሚዛኑን ጥሎ መጥቶ ነበር፤ ፖሊሱ ነው የመለሰው።

ጥፋታችን ፖለቲካ ነበር፤ እነሱ "ሲያሳ" ይሉታል። ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ የመጡ የቀን ሠራተኞች ወረቀት የላችሁም ተብለው በጅምላ ሲታፈሱ፣ እኔ ገበያ መሀል ሳጥን ላይ ወጥቼ "ጠርታችኋቸው አይደለም ወይ የመጡት?" ብዬ ጮህኩ። ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው፣ በእነሱ ቋንቋ "ከህረባጂ" ነኝ፤ ንግግር አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እናገራለሁ። ሳጥኑ የሐጂ ነበር። ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ውስጥ ጨርቅ እየሸጡ ልጆች ወልደው የልጅ ልጅ አይተዋል። ከሳጥናቸው በቀር ነገሩ ውስጥ ምንም ድርሻ አልነበራቸውም።

"አንተ ተናገርህ፤ እኔ በሳጥኔ ታሰርሁ" ይሉኝ ነበር ክፍሉ ውስጥ፣ ሳይቆጡ።

ክፍሉ ድሮ የሰሊጥ መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ ግድግዳው የከረመ ዘይት ይሸታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀትር ላይ ከወለሉ በቀር የሚነካ ነገር የለም። አንድ ሰሌን፣ አንድ የውሃ ጋን፣ ብረት የገባባት አንዲት ትንሽ መስኮት። በመስኮቷ የምትታየው ያቺው መኪና ብቻ ናት፤ አሮጌ ፒካፕ ላንድክሩዘር፣ ቀለሟ የተላጠ፣ ኮፈኗ በገመድ የታሰረ። ሐጂ አንጋጠው ሰማዩን ሲፈልጉ እኔ እሷን አያለሁ።

በነጋታው ሙላዚሙ፣ የጣቢያው መቶ አለቃ ማለት ነው፣ አስጠራን። ወፍራምና ሳቂታ ሰው ነው። ሲስቅ ግን ሰው ደስ አይለውም።

"ገላባት ወስደን ድንበር ላይ እናስረክባችኋለን" አለን።

ከድንበሩ ማዶ ስሜን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ገዳሪፍ የገባሁትም ከእነሱ ሸሽቼ ነው። ሐጂም ሚስታቸው፣ ልጆቻቸው፣ መስጊዳቸው ሁሉ እዚህ ነው፤ እዚያ ማዶ በራቸውን የሚከፍትላቸው አንድም ሰው አልቀረም።

"መቼ?" አልኩት።

ሙላዚሙ በመስኮት ወደ መኪናዋ ተመለከተ። "እሷ ስትነሳ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ከህረባጂ ነህ አይደል? ውጣና ሥራት።"

ኮፈኑን ስከፍት አይጥ ዘላ ወጣች። ሰሊጥና ማሽላ ሲጭኑባት ስለከረሙ አይጦች ገብተውባታል፤ የሽቦውን ጥቅል ከባትሪው መሪው ፊት እስካለው ክሩስኮት ድረስ ግጠውታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባለቤቱን እሰድብ ነበር። ያን ቀን ግን አይጦቹን በሆዴ መረቅኋቸው።

ምክንያቱም የምንጠብቀው ሰው ነበረን። የእርሻ መኪኖቹን የምሠራለት አንድ ሱዳናዊ ባለ እርሻ አለ። እሱ መጥቶ ዳሚን ከሆነን፣ ዋሳችን ሆኖ ከፈረመ ማለት ነው፣ ድንበሩ ይቀርልናል። ሰውዬው ግን ለአጨዳ ቁረይሻ፣ እርሻው ላይ ነው፤ የሐጂ ሚስት መልእክት ልካበታለች። እሱ እስኪደርስ መኪናዋ መነሳት የለባትም።

"ሽቦው በሙሉ መቀየር አለበት" አልኩት ሙላዚሙን።

ከካርቱም ዕቃ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። ከአንድ ከተጋጨ መኪና የተፈታ የሽቦ ጥቅል በጆንያ አስመጣልኝ፤ የሌላ ሞዴል። ቀለሙ አይመሳሰል፣ ቁመቱ አይደርስ፤ ደስ አለኝ። በዚያ ላይ እኔም ሆነ ብዬ አዛባሁት። ፍሬን ሲረገጥ ክላክሱ ይጮሃል፤ ወደ ግራ ፍሬቻ ሲሰጥ የዝናብ መጥረጊያው ይወራጫል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን ጭጭ። ፖሊሶቹ ሻይ እየያዙ መጥተው ዙሪያዬን ይቀመጣሉ፤ አንዱ "ፍሬቻ ስጥ፣ ፍሬቻ ስጥ" እያለ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሐጂ ደግሞ ከመስኮቱ ሆነው በአማርኛ "በርታ፣ እንዳትነሳ አደራ!" ይሉኛል። ፖሊሶቹ የሚመርቁኝ ይመስላቸዋል።

በእኔ ሥራ ሰው ስቆ አያውቅም። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

ያልቻልኩት ገበያ ውስጥ ከእኔ ፊት ለፊት የሚሠራውን ከህረባጂ ነው። ሙላዚሙ ትዕግሥቱ ሲያልቅ እሱን ጠርቶ አመጣው። ሰውዬው ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየና በምላሱ ጠቅ ጠቅ አደረገ።

"ይህን የሠራው ሐበሻው ነው? እኔ የአህያ ጋሪ አላስነካውም!"

ከዚያ ፒንሳ አውጥቶ ወደ ሽቦዬ እጁን ሰደደ።

"እጅህን አንሳ!" አልኩት።

የቀረው ራሱ በደንብ ትዝ አይለኝም። ፒንሳውን ቀማሁት። ቆረጥኩ፣ ላጥኩ፣ ቀጠልኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። ሐጂ ከመስኮቱ "አንተ ልጅ! ኧረ በአላህ! ምን ነካህ!" እያሉ ሲጮሁ ይሰማኛል፤ እጄ ግን አልሰማም። ስጨርስ ለፖሊሱ "አስነሳ!" አልኩት። በአንድ ጊዜ ጓ ብላ ተነሳች። ፍሬቻው ፍሬቻ፣ ክላክሱ ክላክስ ሆነ። ሰውዬውን ደረቴን ነፍቼ አየሁት፤ አቀረቀረ። ከዚያ ዞር ስል መስኮቱ ላይ የሐጂን ፊት አየሁ።

እንደ እኔ ያለ ጅል የት ይገኛል?

ሙላዚሙ ሞተሩን አስጠፍቶ "ኸላስ፣ አለቀ! ጫኗቸው!" አለ። ሐጂን ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ አወጧቸው። እኔም ልወጣ እግሬን ጎማው ላይ ሳደርግ ሙላዚሙ ትከሻዬን ያዘኝ።

"አንተ ውረድ። አንተን አስረክቤ ነገ ስትበላሽ ማን ይሠራልኛል? ሽማግሌው ብቻ ይሂድ።"

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ምን ይደበቃል። ሐጂ ከላይ ሆነው አዩኝ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ድምጧ ጥሩ ነው፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ" አሉኝ። "ለቤት ሰላም በልልኝ።"

ወደ ኮፈኑ ተመለስኩ። የከለከለኝ የለም፤ የማስተካክለው ነገር ያለ መስሏቸዋል። የሞተሪኖውን ሽቦ ነቀልኩ። ቀጥሎ ያለውንም ነቀልኩ፤ እጄ የገባውን ሁሉ መንጭቄ፣ ፊውዞቹንም አራግፌ ሙላዚሙ እግር ሥር ከመርኩት።

"ሐጂ ረዳቴ ናቸው" አልኩት። "ያለ ረዳቴ አልሠራም።"

መጀመሪያ በጥፊ መታኝ። ግራ ጆሮዬ እስከ ማታ ሲጮህ ነበር። ከዚያ አንድ ፊውዝ ከመሬት አንስቶ ለሐጂ ዘረጋላቸው።

"ረዳቱ ከሆንክ፣ ይህች ምንድን ናት?"

ሐጂ ተቀበሉት። እንደ ጨርቅ በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ወደ ፀሐይ አድርገው አገላብጠው አዩት።

"ወላሂ ጥሩ ዕቃ ናት" አሉ በመጨረሻ። "አሁን እንዲህ ያለ አይመጣም።"

ቀድሞ የሳቀው ያ ባላንጣዬ ከህረባጂ ነው፤ ቀጥሎ ፖሊሶቹ። ሙላዚሙ ላለመሳቅ ታገለ፣ ታገለና ተሸነፈ። ዓይኑን እየጠረገ "ሁለቱንም ወደ ክፍላቸው መልሷቸው" አለ።

መኪናዋን እንደገና ሠርቼ ሳልጨርስ ባለ እርሻው ከቁረይሻ ደረሰ። ለሁለታችንም ፈረመልን።

አሁንም በአጨዳ ወራት ሰው ይታፈሳል፤ ገበያው ያየውን አይቶ ዝም ይላል። ሐጂ ሱቁን ለልጃቸው ትተው ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ ይውላሉ። ለደንበኛ ሁሉ "እኔ የእሱ ረዳት ነኝ" ይላሉ፤ እኔም አዎ እላለሁ። ባለፈው አንድ ሹፌር መኪናው አልነሳ ብሎት መጣ። ሐጂ ቀድመውኝ ኮፈኑን አስከፈቱትና ብዙ ካሰቡ በኋላ "ውሃ ጠምቷታል" አሉት። የላላው የባትሪው ሽቦ ነበር፤ ከሩቅ ይታያል። ሹፌሩ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

ውሃ አምጥቼ ሐጂ እንዳሉት ሞላሁላት። ከዚያ ለሶላት እስኪሄዱ ጠብቄ ሽቦውን አጠበቅኩ።