ከአንገት በታች ያለው የእትዬ የሺ አይደለም

ሮም ለምትኖሩ፣ እትዬ የሺእመቤትን ለምታውቁ ሁሉ።

እትዬ የሺ አርፈዋል። ብዙዎቻችሁ ቀብራቸው ላይ ስለነበራችሁ ታውቃላችሁ፤ በነሐሴ ከአሠሪዎቻችሁ ጋር ወደ ባሕር ወርዳችሁ ያልሰማችሁ ግን አላችሁ። ከተማው ጭር ባለበት በዚያ ሙቀት፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ባለችው ቤታቸው፣ ስፌት መኪናቸው ፊት እንደተቀመጡ ልባቸው ቀጥ አለ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

ይህን የምጽፈው ዝናሽ ነኝ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ሁላችንም ከሥራ በምናርፍበት ሰዓት፣ እሳቸው ቤት ስፌት ከሚማሩት ልጆች አንዷ ነበርኩ። ጥግ ላይ የምቀመጠዋ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ከእኔ የተሻለ ሰው ስለ እሳቸው ይጽፋል ብዬ እስከ አርባቸው ጠበቅሁ። በአርባቸው ቀን ያየሁት ግን አናደደኝ። «ንዴትሽ ሲበርድ ጻፊ» ያሉኝ አሉ። አልበረደልኝም።

በዚያ ቀን ከጸሎቱ በኋላ፣ አዳራሹ መግቢያ ላይ ትልቅ ፎቶ ቆሞ ነበር። ፊቱ የእትዬ የሺ ነው። ከአገጫቸው በታች ያለችው ግን ጥለቱ ሰፊ የሆነ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ እጆቿን ሆዷ ላይ ያጣመረች ሌላ ሴት ናት። ትከሻዋ ጠባብ ነው። ጣቶቿ ቀጫጭን፣ ጥፍሮቿ ቀይ ቀለም የተቀቡ። እትዬ የሺ ጥፍር ተቀብተው አያውቁም። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ነው አንገታቸውን ቆርጦ የማትታወቅ ሴት ትከሻ ላይ የተከለው። እሱንም በቅጡ አልገጠመውም፤ በግራ በኩል የገዛ ኮታቸው ቁራጭ አንገታቸው ሥር ጥቁር ሆኖ ቀርቷል።

ዋናውን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማኅበራችን «ፎቶ ያላችሁ ላኩ» ሲል በቅንነት ላክሁት። ግራጫ ሱሪና ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ሜትራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ስፒል ይዘው ሊስቁ ሲሉ ነው ያነሳኋቸው። ስፒሏን ሳይቀር ደልዘዋታል።

«ውይ፣ እንዴት አምሮባቸዋል!» ትላለች አንዷ ፎቶው ፊት ቆማ። «እንዲህ አጊጠው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እሳቸው እቴ! ዕድሜ ልካቸውን በሱሪ!» አለች ሌላዋ፤ ተሳሳቁ።

ፎቶውን ያሠሩት የማኅበራችን ሰብሳቢ ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው። በር ላይ ቆመው ሰው እየተቀበሉ፣ ይኸው ፎቶ በሸክላ ላይ ታትሞ የመቃብራቸው ድንጋይ ላይ እንደሚገባ፣ ድንጋይ ጠራቢውም እንደታዘዘ በደስታ ይናገሩ ነበር። የዚህን አገር መቃብር አይታችኋል። የሸክላ ፎቶ ዝናብ አያጥበውም፣ ፀሐይ አያደበዝዘውም። ያቺ ባለ ቀይ ጥፍር ሴት እትዬ የሺን ሆና እዚያ ልትቀር ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ሱሪያቸው ምን እንደነበረ ልንገራችሁ፤ ሰምታችሁ ፍረዱ።

እትዬ የሺ በዚህ አገር ረጅሙን ዘመናቸውን የሠሩት ሲኞራ ዶሮቲ የሚባሉ አሜሪካዊት አሮጊት ቤት ነው። ሲኞራዋ የአያታቸውን፣ የእናታቸውንና የራሳቸውን ልብስ በትልልቅ ሣጥን ይዘው ነበር ሮም የገቡት። እዚህ አገር ወቅት ሲለወጥ የቤቱ ልብስ ሁሉ ወጥቶ፣ ተናፍሶ፣ ተለዋውጦ ይገባ የለ? በዚያ ሰሞን የሣጥኖቹም ልብስ ወጥቶ ሰገነቱ ላይ ይሰጣ ነበር። ሲኞራዋ ወንበራቸው ላይ ሆነው የእያንዳንዱን ታሪክ ያወራሉ፤ እትዬ የሺ ልብሱን እያራገፉ ይሰማሉ። በኋላ እኛን ጨርቅ መቁረጥ ሲያስተምሩ ያንን ሁሉ በእኛው ገላ ላይ ያሳዩን ነበር።

አንድ ሐሙስ ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠምጥመው ሳቡት።

«ተንፍሺ እስቲ።»

«አልቻልኩም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው የሲኞራዋን አያት ሆነሻል። አጥንት በገባበት ጨርቅ ወገባቸውን ታስረው፣ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር የማይችሉ እመቤት ነበሩ። የማይሠራ ገላ መሆኑን ሰው እንዲያይላቸው ነው።»

ከዚያ ሜትሩን ለቀቁልኝ። «ልጃቸው፣ የሲኞራዋ እናት፣ ደግሞ ይህን አሽቀንጥራ ጣለች። ሴቶቹ ድምፅ መስጠት ጀመሩ፤ ቢሮ ገብተው ታይፕ መምታት፣ ደመወዝ መቀበል ጀመሩ። ፀጉሯን ተቆረጠች፤ ከትከሻዋ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ባቷን የሚያሳይ ቀሚስ ለበሰች። በዚያ ሰሞን በየመንገዱ የሰሙትን ስድብ ብነግርሽ የኛ ሰው የተሳደበው ይመስልሻል።»

ሣጥኑ ውስጥ የሲኞራዋ እናት ሰማያዊ ቱታም ነበር። ወንዶቹ ጦርነት ሲሄዱ አውሮፕላን ፋብሪካ ገብተው የሠሩበት ነው፤ ጉልበቱ ላይ ያለው ዘይት እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። እትዬ የሺ ያንን ቱታ ከሁሉም አብልጠው ይወዱት ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ቀሚስ ግን ሲያነሱ ይናደዱ ነበር። «ወንዶቹ ተመለሱ። ሴቶቹ ‹በሉ እናመሰግናለን፣ ወደ ጓዳ› ተባሉ። ቀሚሱ እንደ ጃንጥላ ሰፋ፣ ወገቡም ተመልሶ ታሰረ። ያን ሁሉ ጨርቅ ለብሰሽ ማሽን ሥር አትገቢም። አየሽ፣ ሳይከለክሉሽ ከለከሉሽ።»

የሲኞራ ዶሮቲ የራሳቸው ልብስ የመጨረሻው ሣጥን ነው። አባታቸው ከቤት ያባረሯቸው ከጉልበት በላይ በሆነ ቀሚስ ምክንያት ነው። ሴቶች እኩል ሥራና እኩል ደመወዝ ብለው አደባባይ በወጡበት ዘመን የገዙት ሱሪም አለ፤ እሱን ለብሰው ምግብ ቤት በር ላይ «በሱሪ አይገባም» ተብለው ተመልሰዋል። በኋላ አለቃ ሲሆኑ የለበሱት ኮት ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ አለው። እትዬ የሺ ያንን ስፖንጅ አውጥተው እያሳዩን፣ «የወንድ ትከሻ ካልሰፉላት ማንም አይሰማትም ነበር» አሉን። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«ልብስ ብቻውን አይለወጥም» ይሉ ነበር። «መጀመሪያ የሴቷ ኑሮ ይለወጣል። ከዚያ መቀሱ ይመጣል። ከመቀሱ በኋላ ስድቡ ይመጣል። ስድቡን ስትሰሚ፣ አሃ፣ ኑሮዬ ተለውጧል በዪ።»

አንድ ጊዜ ሲኞራ ዶሮቲን የጠየቁትን ነግረውናል። «ሲኞራ፣ የአያትዎን ወገብ ማን ነበር የሚያስረው?» አሏቸው። «ሠራተኛዋ ናታ፤ ጥቁር ሴት ነበረች» አሉ ሲኞራዋ። «እሷስ ምን ትለብስ ነበር?» ሲኞራዋ «አላውቅም። የእሷን ልብስ ያስቀመጠ የለም» ብለው መለሱ። እትዬ የሺ በዚያው ሳምንት ለራሳቸው የመጀመሪያውን ሱሪ ሰፉ። ሲኞራዋም ግሬምቢዩሌ የሚሉት ነጭ ሽርጥ ያለውን ጥቁር የሠራተኛ ቀሚስ ዳግመኛ ልበሺ አላሏቸውም።

ለቤተ ክርስቲያን ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ። ሥርዓቱን ያከብሩ ነበር። ሱሪው ለሥራ ነበር፣ ለመንገድ ነበር፣ ለራሳቸው ነበር። «ሰው ምን ይላል?» ስትሏቸው «የሚለውን እንዲል ሥራ ፈትቶ ነው፤ እኔ ሥራ አለኝ» ይሉ ነበር።

አሁን የራሴን ልናገር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ከጉልበት በላይ የሆነ ጥቁር ቀሚስ አስለብሳኝ፣ መሰላል ላይ ሆኜ ረጃጅሞቹን መስኮቶች እንዳጸዳ ታዘኝ ነበር። ወንድሟ መስኮት በሚጸዳበት ቀን ሁሉ ይመጣል። ከታች ቆሞ «መሰላሉን ልያዝልሽ» ይላል። የምለው ስለጠፋኝ፣ መሰላል ከመውጣቴ በፊት የቀሚሱን ጫፍ በእግሮቼ መካከል በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ነበር። ሐሙስ ቀን ቀሚሱን ለማስጠበብ ይዤው ስሄድ እትዬ የሺ ጠርዙ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አዩ። ጣታቸውን እያስገቡ ዳሰሷቸው። ፊት ለፊቱና ኋላው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ትይዩ ናቸው።

«መስኮት ነው?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ሳይነሱ ጥቁር ሱሪ ሰፉልኝ። በማግሥቱ ጠዋት አብረውኝ አሠሪዬ በር ላይ ቆሙ።

«ሲኞራ፣ ልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ለብሳ ነው የምትሠራው» አሉ በጣሊያንኛቸው።

«የቤቱ ልብስ ቀሚስ ነው» አለች።

«አሎራ፣ እንግዲያው ይምረጡ። የሚፈልጉት የጸዳ መስኮት ነው ወይስ የምትታይ ልጅ? መስኮት ከሆነ በሱሪ ይጸዳል። መሰላሉንም እርስዎ ይያዙላት፤ ወንድምዎ ይረፉ።»

ሴትዮዋ ቀላች። ከዚያ በኋላ ወንድሟ በመስኮት ቀን አልመጣም። እንዲህ ያለ ሱሪ ከእናንተ መካከል ለስንቶቻችሁ ሰፍተውላችኋል? የተሰፋላችሁ ታውቃላችሁ። አርባቸው ላይ ነበራችሁ፤ ፎቶውን እያያችሁ አለፋችሁ። የምናደደው በወይዘሮ አልጋነሽ ብቻ አይደለም።

ምግቡ ተነሥቶ ሰው ሲረጋጋ ወንድማቸው አቶ ደምሴ ለማመስገን ቆሙ። እኔም ቆምኩ።

«ይህ ፎቶ የእሳቸው አይደለም» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ ከፊት የተቀመጡት።

«ፎቶው የእሳቸው አይደለም አለች» ብላ አንዷ ጮክ አድርጋ አስተላለፈችልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ አፍ አወጣሽ?» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ። «ሐሙስ ሐሙስ የተማርሽው ይሄን ነው?»

«አዎ።»

ሰው ሳቀ። አቶ ደምሴ አልሳቁም። «ልጄ፣ እህቴ ናት። በቁሟ ያሳቀቀችኝ ይበቃል። መቃብሯ ላይ ደግሞ በሱሪ ትቁምልኝ? ሞታለች እኮ። ለሞተ ሰው ልብስ ምን ያደርጋል?»

«ምንም የማያደርግ ከሆነ ለምን ቀየራችሁት?»

ወይዘሮ አልጋነሽ ማልቀስ ጀመሩ። «እኛ እኮ ልናሳምራቸው ነው» አሉ። ዕንባቸው የእውነት ነው፤ አልክድም። አስከሬናቸውን ከሆስፒታል ስንረከብ ገላቸውን ያጠቡትና የገነዙት እሳቸው ናቸው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ያን ሰፊ ትከሻ፣ መርፌ ያደነደነውን ጣት በገዛ እጃቸው አጥበው፣ እንዴት አላማረም ብለው በሌላ ሰው ይለውጡታል?

አቶ ደምሴ ስልኬ ላይ ያለውን ዋናውን ፎቶ ተቀብለው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። መልሰው ሰጡኝና «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አሉ። «የእኛም ይቅር፣ የአንቺም ይቅር። ያለ ፎቶ ትሁን።»

እንዲሁ ሆነ። ድንጋዩ ባለፈው ሳምንት ቆሟል። ጠራቢው ለሸክላው የሚሆነውን ክብ አስቀድሞ ፈልፍሎት ስለነበር፣ ከስማቸው በላይ ባዶ ጎድጓዳ አለ። በግራና በቀኝ ያሉት ሙታን ሁሉ ፊት አላቸው። አቶ ደምሴን የምታገኙ፣ የምትቀርቧቸው፣ ንገሯቸው። እህታቸው ያሳፈሯቸው በመሥራታቸው ከሆነ፣ እኛ ሁላችን በዚህ ከተማ የምንኖረው በመሥራት ነው። ፎቶው እኔ ጋ አለ።

እትዬ የሺ፣ ሐሙስ ዕለት መጥቼ ነበር። ባዶው ጎድጓዳ ውስጥ ዝናብ ተጠራቅሞ ነበርና በነጠላዬ ጫፍ አደረቅሁት። ከዚህ በላይ ማድረግ ባለመቻሌ ተናድጄ ነው የተመለስኩት። ቢሆንም ያቺ ሴት የለችበትም። ቦታው የእርስዎ ነው፤ እርስዎ እስኪገቡበት ድረስ ማንም አይገባበትም። ከእንግዲህ ሰው ፊት መናገር ስለምችል ደጋግሜ እናገራለሁ። በሰላም ይረፉ፣ እትዬዬ።