ለዘጠና ዘጠኝ የሚካፈለው ካርድ

ልጅ እያለሁ ቁጥር አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ እኩዮቼ ማካፈልን ጨርሰው እኔ ገና መደመር ስጀምር። ለዚህ ይመስለኛል፣ እዚህ ፈረንጅ አገር አሌክሳንድርያ ስንኖር የመኪና ታርጋውንም የባሱንም ቁጥር ስደምርና ሳካፍል የምውለው። ያላረጋገጥኩት ቁጥር ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁረኝ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን ወደ አገር ቤት የምንደውልበትን የስልክ ካርድ ቁጥር ነው። የእኛ ዘመን ልጆች ታስታውሱታላችሁ። እናቴ ሴቨን ኮርነርስ ካለው ሱቅ ትገዛና ግራጫውን ቀለም በሳንቲም ትፍቀዋለች፤ ፍቅፋቂው ጣቷ ላይ ብረት ብረት ይሸታል። ከዚያ አሥሩን አሃዝ እንደ አዲስ አበባ ስልክ ሁለት ሁለት እያደረገች ታነበዋለች፤ እኔ ደግሞ ጥንዶቹን እደምራለሁ። የአንዱ ካርድ ድምር 198 መጣ፤ ሁለት ጊዜ ዘጠና ዘጠኝ። ከላይብረሪ መጽሐፍ እንዳነበብኩት፣ መቶ ለዘጠና ዘጠኝ ሲካፈል አንድ ስለሚተርፍ፣ የጥንዶቹ ድምር ለዘጠና ዘጠኝ እኩል ከተካፈለ አሥሩ አሃዝ አብረው የሚሠሩት ትልቁ ቁጥርም እኩል ይካፈላል። አላመንኩም። አራት ቢሊዮን ምናምኑን ቁጥር ወረቀት ላይ አካፈልኩት። ቀሪ የለውም! ወረቀቱ ከቆሻሻ ጋር ተጣለ፤ በልቤ የቀረው 198 ብቻ ነበር።

አባዬ ያኔ አዲስ አበባ ነበር። አንድ ቅዳሜ ኦፕራሲዮን ሊገባ ሆነና እናቴ ከመግባቱ በፊት ድምፁን ልትሰማ ያንኑ ባለ 198 ካርድ ከካፖርቷ ኪስ ስታወጣው፣ ቁልፍ ፍቆት አንዱ አሃዝ ጠፍቷል። ሌላ እንዳንገዛ ስኖው ጥሏል፤ ባስ የለም።

ታላቅ ወንድሜ ናቲ ካርዱን ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። «ስሪ ይመስላል» ብሎ ደወለ። ስልኩ ላይ የምትመልሰው ማሽን እምቢ አለች። «ኤይት ነው፣ ኤይት።» አሁንም እምቢ።

«ተው በእመቤቴ! አንዴ ደግመህ ከተሳሳትክ እኮ ይዘጋል!» እናቴ ከኪችን ሳሎን፣ ከሳሎን ኪችን ትላለች።

እኔ ጥግ ሆኜ የሚታዩትን ጥንዶች ደመርኩ፦ አርባ አንድ፣ ሰባ ሦስት፣ ዜሮ ስድስት፣ ሃያ። መቶ አርባ። 198 ለመሙላት ሃምሳ ስምንት ይጎድላል። ስምንቱ ካርዱ ላይ አለ።

«የጠፋው አምስት ነው» አልኩ።

«አይተሽው ነበር?» አለች እናቴ።

«አላየሁትም። ደምሬ ነው።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ፕሮፌሰሯ ደሞ መጣች!» አለ ናቲ።

«አንቺ ልጅ፣ በአባትሽ እንዳትቀልጂ። እርግጠኛ ነሽ?»

ሕጉ እንደማይሳሳት አውቃለሁ። እኔስ ያን ቀን ስደምር ተሳስቼ ቢሆን? ወረቀት ላይ አካፍዬ ቀሪ ማጣቴ ትዝ አለኝና «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት።

ራሷ ደወለች። ማሽኗ የቀረውን ደቂቃ ተናገረች፤ ከዚያ ጠራ።

«ሃሎ?» አለ አባዬ።

እናቴ ልትለው ስታዘጋጅ የሰነበተችው ሁሉ ጠፍቶባት «በልተሃል?» አለችው።

«ኦፕራሲዮን ልገባ ማን ያበላኛል፣ አንቺ!» ሳቁ እኔ ጥግ ድረስ ተሰማ።

አባዬ ዳነ። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናቴ ጋር ይኖራል። ፌርፋክስ ሆኜ ስልኬ ላይ ፎቶውን ስነካ ይደወላል፤ ቁጥሩን በቃሌ አላውቀውም። አንዳንዴ ስልኩን ሶፋ ላይ ረስቶ ይወጣል። ያኔ ይጠራል፣ ይጠራል፤ ፎቶው እየሳቀ ያየኛል፤ እኔ ቤቴ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ልጅ ሳለሁ ቢያንስ የምደምረው ነበረኝ።