ሣር በእኩል ያካፈልኩበት ክረምት

ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ጀምሬ ነበር፤ ሳልጨርስ ተዳርኩ። ያቺው ትንሽ ትምህርት መቁጠር ስላስተማረችኝ፣ በሰፈራችን እህል ሲሰፈር፣ ሥጋ ሲከፋፈል ያልተጠራሁበት የለም፤ ሳልጠራ የሄድኩበትም ይበዛል።

የአሮጌ ቤታችንን ምሰሶ ምስጥ በልቶ በጣለው ዓመት፣ በአንድ ግቢ ሁለት ጎጆ ቀለስን፤ አንዱ ለወንድ ልጄና ለሚስቱ፣ አንዱ ለሴት ልጄ። ሴቷ እርጉዝ ነበረች፤ ወሯ ገብቷል። እስከዚያ ሁላችንም የምናድረው የጥጆቹ ጋጥ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ደግሞ አራስ አትተኛም። የጉና ተራራ ብርድ ከጨቅላ ጋር አይቀልድም።

እንጨቱን ደቦ ወጥቶ አቆመው። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ሳምንት አቡክተን ግድግዳውን መረግን። ክዳኑ ቀረ። ደብረ ታቦር ላይ ሠራዊት ከሰፈረ ወዲህ የቅርቡን ሣር ፈረስና በቅሎ ጨርሶታል፤ ስለዚህ ጓሳ ሣር ከጉና በሸክም አስመጣን።

ክዳን የሚሠሩልን ሽማግሌ ክምሩን አዩና፣ "ይኸ ለአንድ ቤት ነው የሚበቃ። የልጅቱን እንጨርስ፣ የወንዱ ይቆይ" አሉ።

"አንዱን ልጅ ከድኜ አንዱን ለዝናብ ልስጠው? እኩል ይካፈላል!"

"አንቺ ሴት፣ ሣር እኮ ሥጋ አይደለም።"

"አንቱ ይክደኑ፤ ማካፈሉን ለእኔ ይተዉት።"

ወንድ ልጄ፣ "እናቴ፣ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ለእሷ ይሁን" አለ።

"አንተ ዝም በል! ስለ ድርሻህ የምሟገትልህ እኔ ነኝ!"

እስር በእስር ቆጠርኩ። መጨረሻ ላይ አንድ እስር ተረፈች፤ ፈትቼ እፍኝ በእፍኝ ለሁለት ከፈልኳት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው መሰላል ወጡ።

ሣር የሚከደነው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ኖሬያለሁ፤ ሳካፍል ግን ትዝ አላለኝም። ሰፊው ግርጌ ሣሩን በላውና ጫፍ ላይ ሲደረስ በሁለቱም ቤት አለቀ። ሁለት የሚያማምሩ ጎጆዎች፣ ሁለቱም አናታቸው ክፍት። ቀዳዳቸውም እኩል ነበር፤ ለክቼዋለሁ።

በማግስቱ ልጄን አዲሱ ጎጆዋ ውስጥ ምጥ ያዛት። ሰማዩ በጉና በኩል ጠቆረ። የመጀመሪያዋ ጠብታ በቀዳዳው ገብታ ግንባሯ ላይ ስታርፍ ቀና ብላ አየችኝና፣ "እማዬ፣ ድርሻዬ ደረሰኝ" አለች።

ሮጬ ወጣሁ። ሽማግሌው መሰላላቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበር፤ ነጥቄ የወንድሟ ጎጆ ላይ አስደግፌ ወጣሁበት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ላፈርስ!"

"እንግዲያ እየቆጠርሽ አውርጂ!"

ከላይ እየነቀልኩ ጣልኩ፤ ከዚያ መሰላሉን ወደ ልጄ ጎጆ አዛወርንና ወንድ ልጄና ሚስቱ ለሽማግሌው አቀበሉ። ዶፉ ሲወርድ የልጄ ጎጆ አናት ተዘግቶ፣ የተሰበረ ማሰሮ ተደፍቶበት ነበር። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ደረቅ መደብ ላይ።

ክረምቱን ወንድ ልጄና ሚስቱ ከጥጆቹ ጋር ከረሙ። አራሷ ጋ ግቢ ቢሉኝ እምቢ ብዬ እኔም ከእነሱ ጋር ከረምኩ። የመጀመሪያው ምሽት መኝታ ስናበጅ ምራቴ፣ "እማማ፣ ቦታውን አይለኩልንም?" አለችኝ።

የሚያፈሰውን ጥግ ያዝኩ። አልለካሁም።