ዓባይ ዳር ያገኘሁት መረብ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሰውን ከመክሰስህ በፊት አስጨርሰው» ይለኝ ነበር። አልሰማሁትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዓሣ እንቁላል በሚጥልበት ወቅት ዓባይ ውስጥ መረብ እንዳይገባ እኛ የቦረና ሰዎችና የማዶ ጎጃሞች በቄሱም በሼኹም ፊት ተማምለናል። ባለፈው ክረምት መግቢያ ጸሎቴን አድርሼ ከመካነ ሰላም ወደ ቆላው ብወርድ፣ አንድ የማዶ ሰው በእኛ ዳር መረብ ሲጎትት ደረስኩበት።

«ቃልህን በላህ አይደል፣ አንተ ከሃዲ? ሽማግሌ ፊት አቆምሃለሁ» አልኩት።

ሰውየው አንዲት ሆዷ የተነፋ ዓሣ ከመረቡ ፈታና ወደ ውኃው ለቀቃት። መረቡን ነጥቄ ሳየው የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ገመዱን የገመድኩለት እኔው ራሴ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስል እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ይዘውት ይግቡ። እኔ ዓሣ እንጂ መረብ አላየሁም፤ መሐላችን አይፍረስ።»