አሚን ባዮቹ

ሥራዬ አሮጌ ክታቦችን፣ የጸሎት ብራናዎችንና የመንዙማ ካሴቶችን መሰብሰብ ነው። ደሴ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አቧራቸውን አራግፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ አስቀምጣለሁ። የአክስቴ ተራ የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለው መንደራችን ዱበርቲ ነበረች፤ ዝናብ ሲዘገይ፣ ምጥ ሲጠና፣ ሴቶቹን ሰብስባ ወዳጃ ተቀምጣ ዱዓ የምታደርግ። ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ጀርባ ተሸጉጬ እሰማት ነበር። እሷ በዜማ ትለምናለች፣ ቤት ሙሉ ሴት እያጨበጨበ አሚን ይላል።

መቅጃዬን ይዤ ከሐይቅ ከተማ በባጃጅ ወጣሁ። ዓይኗ ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቀችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ደስ አላት። መቅጃውን ጉልበቷ አጠገብ አስቀመጥሁት። መዳፏን ዘረጋች፣ ጀመረች፣ ወዲያው አቆመች።

«አሚን የሚለኝ የታለ?» አለች።

እኔ አለሁ አልኳት። ፈገግ ብላ፣ በአንድ ሰው አሚን ዱዓ አይነሳም አለችኝ። ጓደኞቿ አብዛኞቹ ሞተዋል፤ የቀሩትን ደግሞ ልጆቻቸው ይሄ ነገር በዲናችን የለም እያሉ አስትተዋቸዋል።

ተነስቼ በየቤቱ ዞርሁ። የአንዷ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ «እናቴን አሟታል» አለኝ፤ እሷ ግን ከውስጥ ማነው የመጣው እያለች ትጠይቅ ነበር። በመጨረሻ ሁለት አሮጊቶች ተከተሉኝ። ሳልጠራት የመጣችው ሦስተኛዋ የአክስቴ ክርስቲያን ጎረቤት ናት። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ምጡ ጸንቶባት፣ በአክስቴ ዱዓ እንደተገላገለች ሁሌም ታወራለች። ነጠላዋን ሰብስባ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

አክስቴ እንደገና ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሚኑ ሲመለስላት ግን ወገቧ ቀና አለ። ለዝናቡ ለመነች፣ ለከብቱ፣ ለመንገደኛው። ከዚያ የሞቱትን ጓደኞቿን አንድ በአንድ አነሳች። እናቴ ላይ ስትደርስ አሚን ማለት አቃተኝ።

ሲያበቃ መልሼ አሰማኋቸው። አክስቴ ጆሮዋን አስጠግታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ጥቂት ነን» አለች። «ድሮ ቢሆን የእኔ ድምፅ አይሰማም ነበር።»

በመስከረም አረፈች። ቅጂው ቦታውና ቀኑ ተጽፎበት ከሌሎቹ ጋር ተቀምጧል። ከለቅሶው በኋላ ክርስቲያኗ ጎረቤት ዓይኗን ልትታከም ደሴ መጥታ ስለነበር ክፍሌ ድረስ መጣችና ያንን ዱዓ ስልኬ ላይ ጫኝልኝ አለችኝ። ጫንሁላት። አሁን አመሻሽ ላይ ሁለቱ አሮጊቶች እሷ ቤት ይሄዱና፣ ስልኩን መሐላቸው አስቀምጠው አሚን ይላሉ አሉ። ነይ ብለው ሁለት ጊዜ ልከውብኛል። ልቤ እዚያው ነው፤ ግን ወደ ጎረቤትየዋ ቤት ለመግባት በአክስቴ ደጅ ማለፍ አለብኝ፤ እሱን ገና አልቻልሁም።