ካርዱና ወፍጮው

አባቴ መምህር ነው። ከማስተማሩ ጎን ለጎን የአካባቢያችንን ቋንቋ፣ የአሪኛን ቃላት ከሽማግሌዎች አፍ እየለቀመ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይጽፍ ነበር። ማሽኑን የሰጠው ቋንቋ ሊያጠና ጂንካ መጥቶ የነበረ የውጭ አገር ሰው ነው። ቃላቱን ከነገሩት ሽማግሌዎች ግማሾቹ ዛሬ የሉም። ሌላ ቅጂም የለም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ መንኳኳት ጀመረ። ሲበርድ አሥር ደቂቃ ያህል ይሠራል፣ ሲግል ቀጥ ይላል። ወደ ፍሎፒ ዲስኬት እንዳንገለብጥ ፍሎፒው ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት እንኳ ሳንሞላ ዲስኩ ይቆማል፣ ዳግም ላይነሳም ይችላል።

እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ መዝገበ ቃላት ይዤ የማሽኑን መመሪያ ሳነብ ነው የከረምኩት። ውስጡ ፍጥነት የሚጨምር ካርድ ተሰክቷል። ካርዱ የራሱ ሚሞሪ አለው፤ ማንም ሳይነካው ሥራ ፈቶ የተቀመጠ! በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ያንን ሚሞሪ እንደ ዲስክ ማሠራት ይቻላል። ወደዚያ ለመገልበጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ወደ ፍሎፒ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው።

«ችግሩስ?» አለ አባዬ ፊቴን አይቶ።

«መብራት ለቅጽበት ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል።»

«ጂንካ ውስጥ?» ብሎ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

ገለበጥን። የመጨረሻው ፋይል እንዳለፈ ዲስኩ ሲጥ ብሎ ቆመ። የመጀመሪያዋን ፍሎፒ ስከት አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ወፍጮው! የጎረቤታችን ወፍጮ ሲነሳ የሰፈሩን መብራት ይስባል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ያጠፋዋል።

ሮጥኩ። የገበያ ቀን ስለሆነ ሴቶች ከሩቅ፣ ከገዘር ከተማ ሳይቀር እህል ይዘው ተሰልፈዋል።

«ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ሞተሩን ያጥፉልን!»

«ለምን? ቴሌቪዥን ልታዪ?» አሉ ባለወፍጮው። ሰልፉ ሳቀ።

«የአባዬ አሪኛ ሊጠፋ ነው!»

ከፊት የቆሙት እናት ዞር አሉ። «አሪኛ ደግሞ በመብራት ነው እንዴ የሚጠፋው?» አሉና ማዳበሪያቸው ላይ ቁጭ አሉ። «እሺ፣ እንጠብቃለን። ቶሎ በይ ግን።» ባለወፍጮውም ሞተሩን አጠፉ።

ተመልሼ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፍሎፒ ሞላሁ። አምስተኛዋን ሳወጣ ከውጭ አንዷ፣ «ልጅቷ ተኛች እንዴ? ፀሐዩ ጨረሰን!» ስትል ተሰማኝ። ስድስተኛዋ የመጨረሻዋ ነበረች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ሞተሩ ተነሳ፤ ስክሪኑ ጨለመ።

ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«የቀረው ምንድን ነው?» አለ አባዬ።

«የእህልና የምግብ ቃላቱ።»

ብድግ ብሎ ወጣ። ሊጣላ መስሎኝ ተከተልኩት። እሱ ግን ከኪሱ እስክሪብቶና ትንሽ ደብተር አውጥቶ እኚያን እናት በማዳበሪያቸው ውስጥ ያለውን እህል በአሪኛ ምን እንደሚሉት ጠየቃቸው።

«ይኼን አያውቁም? መምህር አይደሉ እንዴ?» አሉት። ከሰልፉ ሦስት አራት ሰው በአንዴ መለሰ። ሌላዋ፣ «የለም፣ እኛ ጋ እንደሱ አይባልም!» ብላ ተከራከረች። አባዬ ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔም ግድግዳው ላይ አስደግፌ መጻፍ ጀመርኩ። ሞተሩ ግን ድምፃቸውን እየዋጠብኝ ግማሹ ያመልጠኛል።

«ጋሼ!» ብዬ ጮኽኩ። «አሁንም ትንሽ ያጥፉልን!»